አስመሳይ ሁሉ ተዋናይ አይደለም!

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የጎረቤቱን አነጋገር፣ የሂሳብ አስተማሪውን ሳል፣ የዕድር ዳኛውን አረማመድ ቅንጣት ሳያጎድል እየቀዳ ሰፈርተኛውን በሳቅ የሚያፈርስ ልጅ ማለቴ ነው። «አንተ እኮ ተዋናይ መሆን ነበረብህ!» ይሉታል። እሱም አይፈረድበትም፣ ያምናቸዋል። አንድ ቀን ሻንጣውን አንጠልጥሎ አዲስ አበባ ይገባና የፊልም ተዋናይ የሚመለመልበት ቦታ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ያንን አስተማሪ ይሆንላቸዋል። ፈታኞቹ ፈገግ ይላሉ። «ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ ይሄ አስተማሪ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልብሷን በሻንጣ ከትታ በር ላይ አገኛት። ቀጥል!» ይሉታል። ልጁ ክው! አንዲት ቃል ከአፉ አትወጣም። ለምን ቢባል፣ የሚያውቀው የአስተማሪውን ሳል ነው እንጂ አስተማሪውን አያውቀውማ!

ወገኖቼ፣ የዛሬው ጨዋታችን እዚህ ላይ ነው። መቼም በቋንቋችን «አስመሳይ» ማለት ስድብ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቃሉ ራሱ ጠቢብ ነው። መምሰል ከላይ ነው፣ መሆን ከውስጥ ነው። ታዲያ አንድ ሰው ከመምሰል ወደ መሆን የሚሻገረው በምን በኩል ነው? የቴአትር ሰዎች ከሚሻገሩባቸው ድልድዮች አንዱን «ኢምፕሮቫይዜሽን» ይሉታል። የተጻፈ ቃለ ተውኔት ሳይያዝ፣ ሁኔታው ብቻ ተነግሮ፣ እዚያው በዚያው እየፈጠሩ መጫወት ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይሄ ነገር የኮሜዲያን ብልሃት ይመስለዋል። ወይም ደግሞ ተዋናዩ ቃሉ ሲጠፋው ቀዳዳ የሚደፍንበት ዘዴ። ኧረ ከዚያም በላይ ነው! ዋናው ሥራው የሚሠራው ተመልካች በሌለበት፣ ልምምድ ላይ ነው። ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ቃሉን የሚናገረውን ሰው መሥራት ነው።

የሰካራሙ ትምህርት

እኔ ይህንን የተማርኩት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ከተማችን አምቦ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በምልበት ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንበር በሌለው አንድ የተውሶ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች እንሰባሰብ ነበር። ግማሾቻችን የአምቦ ልጆች ስንሆን የቀሩት ከጉደር፣ ከጊንጪና ከጌዶ የመጡ ናቸው። አሠልጣኛችን በቴአትር የተመረቀ፣ ለሌላ ሥራ ወደ ከተማችን የመጣ ሰው ነው። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንለው። ክፍያ አይቀበልም፤ የሚቀበለው ቡና ብቻ ነው።

ከመካከላችን አንዱ የታወቀ ቀልደኛ ነበር። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን «ማን ይጀምራል?» ሲል ልጁ ተስፈንጥሮ ተነሳና «ሰካራም ልሁን» አለ። ሆነም። ተንገዳገደ፣ ምላሱን አሳሰረ፣ ግድግዳ አቀፈ። እኛ በሳቅ ሞትን። ጋሼ አልሳቀም።

«ሰካራም አይተህ ታውቃለህ?» አለው።

«ኧረ ሞልቶ!»

«ሰካራም ለመንገዳገድ ሲሞክር አይተሃል? እኔ እስካሁን ያየሁት ሰካራም ሁሉ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ሲታገል ነው። አሁን አንድ ነገር ልስጥህ። የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለችህ። ‘ዛሬ አልጠጣም’ ብለህ በእናቷ አጥንት ምለህላታል። ጠጥተሃል። ልጅቷ ጥናት ላይ ናት። በአጠገቧ አልፈህ ጓዳ መግባት አለብህ። በቃ፣ ግባ።»

አንዲት ልጅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ደብተር ያዘች። ቀልደኛው በር ላይ ቆመ። ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ፤ ማሰሪያውን ሲፈታ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ በጣም በጥንቃቄ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ መሬቱን እየለካ አስቀመጠ። ልጅቷ ቀና አለች። «አባዬ፣ እራት በልተሃል?» አለችው። ትንፋሹ እንዳይሸታት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «በልቻለሁ የኔ እናት… አጥኚ» አላት።

ማንም አልሳቀም። እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ወጣ። ለምን እንደወጣ ሁላችንም ገባን፤ ማንም አልጠየቀውም።

ይሄ ነው እንግዲህ ቁም ነገሩ። በመጀመሪያው ላይ ያየነው ስካርን ነው። በሁለተኛው ላይ ያየነው ሰው ነው። የተጨመረውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፍላጎት። ሰውየው የሚፈልገው ነገር አለ፣ የሚከለክለው ነገር አለ። ፍላጎቱ ከተያዘ እጁ፣ እግሩ፣ ድምፁ ሳይጠሩ ይመጣሉ።

መናኸሪያ የሚባለው ትምህርት ቤት

ቀጥሎ የቤት ሥራ ተሰጠን። «መናኸሪያ ሂዱ፣ አንድ ሰው ምረጡ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እዩት። ፊቱን አትዩ፤ ከእግሩ ጀምሩ» ተባልን።

የእኔ ድርሻ የተቀቀለ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ሆነች። መኪና በቆመ ቁጥር መስኮት መስኮቱን ትሮጣለች። አንድ ሰዓት ሳያት ያስተዋልኩት ነገር፣ የተሳፋሪን ፊት አለማየቷን ነው። የምታየው እጅ ነው! ወደ ኪስ የሚሄደውን እጅ። ፊት ብዙ ነገር ይላል፤ «ስንት ነው?» ይላል፣ ይከራከራል፣ ይስቃል። የሚገዛው ግን እጁ ወደ ኪሱ የገባ ነው። ሌላም ነገር ነበር። በቆሎውን በቀኝ እጇ ስታቀብል በግራዋ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች።

ይህንን ለጋሼ ስነግረው «ለምን ትይዛለች?» አለኝ። ሾፌሩ ገንዘቧን ሳትቀበል እንዳይነሳባት ነው። «እንግዲያው አንድ ጊዜ ተነሥቶባታል ማለት ነው። ምናልባትም ብዙ ጊዜ። በይ ያንን ግራ እጅ ይዘሽ ግቢ። ሌላውን ተይው» አለኝ።

ያን ቀን ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሌለ መስኮት ይዤ አሥር ደቂቃ ቆየሁ። ተሳፋሪ የሆኑት ልጆች ይከራከሩኛል፣ ይቀልዱብኛል። እኔ ከማላውቀው ቦታ ቃል ይመጣልኛል። ያቺ ግራ እጅ ናት የምታናግረኝ። ከዚያ ወዲህ ከአምቦ አዲስ አበባ በተመላለስኩ ቁጥር ብሬን ቀድሜ በእጄ ይዤ ነው በቆሎ የምጠይቀው።

ይሄ ነገር ከየት መጣ?

«የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋምና ትንሽ ታሪክ እንይ።

ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ (እ.ኤ.አ. 1863–1938) በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ተዋናዩን «እኔ በዚህ ሰው ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ያስተማረ ሰው ነው። በዕድሜው ማምሻ ላይ ደግሞ ተዋንያኑ ቃሉን ከማጥናታቸው በፊት ትዕይንቱን በራሳቸው ቃል እንዲጫወቱት ያደርግ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ቪዮላ ስፖሊን የምትባል ሴት ቺካጎ ከተማ ውስጥ ለሕፃናትና ለስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ጨዋታዎችን እየፈጠረች ማስተማር ጀመረች። ጨዋታዎቿን በ1963 በመጽሐፍ አወጣቻቸው፤ እስከ ዛሬ ድረስ የትወና ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙባቸዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኪት ጆንስተን ነበረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮርት ቴአትር ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ ላይ ቆም በሉ! በ1959 እና 1960 አካባቢ በዚያው በሮያል ኮርት ቴአትር የቴአትር ጥበብ ሊያጠና የሄደ የእኛ አገር ወጣት ነበር። ማን መሰላችሁ? የአምቦው ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን!

ጸጋዬ በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ቦታ ነው የተወለደው። ገና አምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታይቶለታል። ከአውሮፓ ሲመለስ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ቴአትር ቤት መርቷል። ሀምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መልሷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል እንዲቋቋምም ትልቅ ድርሻ አለው። በ1998 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ። እንግዲህ የእኛ ጋሼም የዚያ ትምህርት ክፍል ፍሬ ነውና ነገሩ ዞሮ ዞሮ አምቦ ገባ ማለት ነው። ታዲያ ይሄ የባዕድ ጨዋታ ነው ትላላችሁ?

አንተ፣ አንቱ፣ እርስዎ

ኪት ጆንስተን ያስተማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሁለት ሰዎች በተገናኙ ቁጥር አንዱ ትንሽ ከፍ፣ ሌላው ትንሽ ዝቅ ይላል ነው የሚለው። ባለሥልጣንና ተራ ሰው ማለቱ አይደለም። ሎሌው ከጌታው ከፍ ብሎ መቆም ይችላል። ራሱን ሳያነቃንቅ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ከፍ ይላል። ፊቱን የሚነካካ፣ ቃሉን የሚቆራርጥ ዝቅ ይላል። ተዋንያኑ ይህቺን ነገር ብቻ ይዘው ሲጫወቱ ተራው ወሬ ሕይወት ይዘራል።

የእኛ ሰው ደግሞ ይሄ ነገር በአፉ ላይ አለ! እንግሊዙ አንድ ቃል ብቻ አለው። እኛ «አንተ»፣ «አንቱ»፣ «እርስዎ» አለን። አፋን ኦሮሞም «አቲ» እና «ኢሲን» አለው። ጋሼ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሰጠን። አንዱ ኃላፊ ነው፣ አንዱ ማኅተም ፈላጊ ባለጉዳይ። ባለጉዳዩ «እርስዎ» ብሎ ይጀምራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ «አንተ» ብሎ መጨረስ አለበት። ግን በስድብ አይደለም፤ በደረሰበት ነገር ተገፍቶ መሆን አለበት።

አንዱ ልጅ የአባቱን የይዞታ ወረቀት ፈልጎ የተመላለሰ ሰው ሆነ። «እርስዎ ነገ ይምጣ ብለውኝ ነበር…» አለ። ኃላፊው ስልኩን እየነካካ «ነገ» አለው። ሦስት ጊዜ «ነገ» ሲለው ልጁ ወንበር ስቦ ሳይፈቀድለት ተቀመጠ። ድምፁን እንኳ አላነሣም። «ወንድሜ፣ አንተ አባት የለህም?» አለው። ያቺ «አንተ» አዳራሹን እንዴት እንዳቀዘቀዘችው! አንድ ቃል ነች። ግን የሰውየው ትዕግሥት ከየት ተነሥቶ የት እንዳለቀ ነገረችን።

ጋሼ ሌላም ሕግ ነበረው። «በምትናደዱበት ቋንቋ ተጫወቱ» ይላል። የእኛ ከተሞች ልጆች በአንድ አፍ ሁለት ቋንቋ ነው የምንናገረው። አማርኛ የጀመረ ጠብ ሲበረታ አፋን ኦሮሞ ይሆናል፤ አፋን ኦሮሞ የተጀመረ ቀልድ አማርኛ ሆኖ ያልቃል። ይህንን ተዋናይ ካልሰማው ገፀ ባህርይው ግማሽ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ቅሬታ አለችኝ። ቴሌቪዥኑም ፊልሙም «ባላገር» በፈለገ ቁጥር ለተዋናዩ ዱላና የተሰባበረ አማርኛ ይሰጠዋል። ሕዝቡ እንዲስቅ። ያ ሰው ከተማ ምን ሊያደርግ እንደመጣ፣ ማንን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደጠፋበት የሚጠይቅ የለም። አነጋገሩን ቀድተው ሰውየውን ጥለውታል። አባቶቻችን ናቸው እኮ እነዚህ! ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን (እ.ኤ.አ. 1976) ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎችን አሰልፎ ነበር የሠራው። ባላገሩ እዚያ ውስጥ መሳቂያ አይደለም። ሲያርስም ሲቆጣም ሙሉ ሰው ነው።

«ተቀበል!»

ኢምፕሮቫይዜሽን አንዲት የወርቅ ሕግ አለችው። የተሰጠህን ተቀበል፣ ከዚያ ጨምርበት። ጓደኛዬ መድረክ ላይ «እህቴ፣ እንኳን ከጅማ በሰላም ገባሽ!» ቢለኝና «እኔ እህትህ አይደለሁም» ብዬ ብመልስ ጨዋታው እዚያው ሞተ። «እንኳን ደህና ቆየኸኝ… እማዬስ ለምን በር ላይ አልወጣችም?» ብል ግን ተመልካቹ አንገቱን አሰገገ። አሁን እናት አለች፣ ሥጋት አለ፣ ታሪክ አለ።

ፈረንጆቹ ይህንን እንደ ትልቅ ግኝት ያወሩታል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳው ግጥሟን በጆሮው ወርወር ያደርግና «ተቀበል!» ይለዋል። አዝማሪው «አልስማማም» አይልም። ይቀበላታል፣ በማሲንቆው ያሽሞነሙናታል፣ ከራሱ ይጨምርና መልሶ ይወረውራታል። እኛ ይህን ሕግ ስም አውጥተንለት ስንኖርበት ቆይተናል፤ ያልወሰድነው ወደ ትወናው ብቻ ነው።

መቀበል ደግሞ ማዳመጥ ነው። ጀማሪ ተዋናይ ሌላው ሲናገር የራሱን ቀጣይ ቃል ያዘጋጃል። ዓይኑ ያስታውቃል! ጋሼ ይህን ለማጥፋት «የሌላው ሰው የመጨረሻ ቃል የአንተ የመጀመሪያ ቃል ትሁን» የሚል ጨዋታ ያጫውተን ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቃል ካላዳመጥክ መጀመር አትችልም። እስኪ ዛሬ ማታ ከፍቅረኛችሁ ጋር ስትነጋገሩ ሞክሩት። ስንቱን ጠብ እንደሚያስቀር ታያላችሁ።

አባቷን የሆነችው ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከመካከላችን አንዲት ልጅ ነበረች። ኮሌጅ ልትጨርስ አንድ ዓመት የቀራት፣ ዝምተኛ። ሳትደብቅ እንደነገረችን፣ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ሽማግሌ ልኮባታል። አባቷ «እሺ» ብለዋል። እሷ አልፈለገችም። እሷ «ልማር» ስትል፣ አባት «ቃል ሰጥቻለሁ» ሲሉ፣ ቤቱ የጦር ሜዳ ሆኗል። ስሟን እንዳልጠቅስ እንጂ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

አንድ እሁድ ጋሼ «እምቢ ያላችሁን ሰው ሁኑ» አለ። «የእናንተን ቦታ ሌላ ሰው ይይዝላችኋል።» ልጅቷ ሳትጠራ ተነሥታ የአንዱን ጋቢ ለበሰችና አግዳሚ እንጨት ላይ ተቀመጠች። አንድ ልጅ እሷን ሆኖ ፊቷ ቆመ።

መጀመሪያ የአባቷን ድምፅ አወጣች። ወፍራም፣ ቁጡ። ትክክል ነው፤ እኛም ፈገግ አልን። ጋሼ አጨበጨበና አስቆማት። «ድምፁን ለእሱ ተይለት። ምንድን ነው የሚፈልገው?» አላት።

ዝም አለች። ጋቢውን አጣፍታ እንደገና ጀመረች። አሁን በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በራሷ ድምፅ፣ ቀስ ብላ። ስለ ማዳበሪያ ዕዳ አወራች። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ማለትም ስለ አባቷ ጉልበት። ልጅቷን የሆነው ልጅ «አባዬ፣ ሠርጉ አይቀርም፣ አሁን ግን ልማር፣ ልሂድ» አላት።

ወዲያው ከአፏ እንዲህ የሚል ወጣ። «ወንድምሽም ‘ልሂድ’ ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩት።»

ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለችም። ታላቅ ወንድሟ በሱዳን በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። ጋቢውን አውልቃ አጥፋ አስቀመጠችው። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

ማታ መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ እንዲህ አለችኝ። «አባቴ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ስለ ወንድሜ በቤታችን አይወራም። ግን ከአፌ ሲወጣ እውነት እንደሆነ አወቅሁት። እኔን መዳር ሳይሆን እንዳልጠፋበት ነው የሚፈልገው። የት እንዳለሁ የሚያውቅበት ቤት ውስጥ ሊያስቀምጠኝ ነው።»

በሳምንቱ ቤቷ ሄደች። «ልማር» ብላ አልተከራከረችም። ማታ አባቷ እግራቸውን ሲታጠቡ ስለ ወንድሟ ጠየቀቻቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ያ ልጅ የወጣበትን ንጋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯት። ሠርጉን በተመለከተ አንድም ቃል አላሉም። በማግሥቱ ግን ለሽማግሌዎቹ «ክረምቱ ይለፍ» ብለው ላኩ።

ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ክረምት አለፈ። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳለች። አባት ዛሬም በሆዳቸው ሙሉ በሙሉ «እሺ» አላሉም፤ ሰውየውም ሌላ አገባ። ግን አባትና ልጅ ይነጋገራሉ። እሷም በየማታው ትደውልላቸዋለች፤ የት እንዳለች እንዲያውቁ።

ቴአትር ያማልዳል ወይም ይፈውሳል እያልኩ አይደለም። ጋሼ ራሱ ከዚያ ቀን በኋላ ሕጉን ቀየረ። «ያልደረቀ ቁስል ወደ ጨዋታ አታምጡ። ሁለት ሦስት ሰው ቀላቅላችሁ አንድ ሰው ሥሩ» ይለን ጀመር። እንግሊዛዊው የፊልም ሰው ማይክ ሊም ሥራውን የሚጀምረው ተዋናዩ ስለሚያውቃቸው ብዙ ሰዎች እንዲያወራ በማድረግ ነው። ከእነዚያ ተነሥተው ወራት በሚፈጅ ኢምፕሮቫይዜሽን አዲስ ሰው ይፈጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በካን ፌስቲቫል የመጀመሪያውን ሽልማት ያገኘው «ሲክሬትስ ኤንድ ላይስ» የተባለው ፊልሙ በዚህ መንገድ ነው የተሠራው። እናት የሆነችው ተዋናይት፣ ከዓመታት በፊት ለማደጎ ሰጥታት የነበረችው ልጅ ጥቁር መሆኗን ያወቀችው ልምምድ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ነበር። የደነገጠችው የምሯን ነው!

እናንተም ሞክሩት

የምትኖሩት ጉደርም ይሁን ባኮ፣ አዳራሽም አሠልጣኝም አያስፈልጋችሁም። አራት አምስት ጓደኛና አንድ ግቢ ይበቃል።

1. ገፀ ባህርይ ስትሠሩ «ምን ይመስላል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ምን ይፈልጋል? ምን ይከለክለዋል?» በሉ።

2. የምታዩትን ሰው ሁሉን ነገሩን አትቅዱ። እንደዚያች የበቆሎ ሻጭ ግራ እጅ አንዲት ነገር ብቻ ያዙና ምክንያቷን ፈልጉ።

3. ለማሳቅ አትቸኩሉ። ሳቁ እውነቱን ተከትሎ ከመጣ ይምጣ።

4. ጓደኛችሁ የሰጣችሁን ተቀበሉ፣ ጨምሩበት። «አይ፣ እንደሱ አይደለም» የምትል ቃል ከጨዋታው ትውጣ።

5. ማስቆሚያ ምልክት ይኑራችሁ። እኛ ጭብጨባ ነበረን። አንድ ሰው ከከበደው ያጨበጭባል፤ ሁሉም ያቆማል፣ ማንም «ለምን?» አይልም።

6. ከጨዋታው ስትወጡ በየስማችሁ ተጠራሩ፣ ቡና ጠጡ። የሰው ሸክም ተሸክሞ ቤት መግባት አያስፈልግም።

ከአሥራ አንዳችን ውስጥ ዛሬ በትወና እንጀራ የሚበላ አንድ ብቻ ነው። ያ ቀልደኛ። የቀረነው አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ ባጃጅ ነጂ፣ እንደ እኔ ያለው ደግሞ ጋዜጣ ላይ ጫሪ ሆነናል። ግን አንዳችንም ብንሆን ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቆጣን ድምፁን ብቻ ሰምተን የምንመልስ አይመስለኝም። «ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» የምትለው ጥያቄ ትቀድመናለች።

እስኪ እናንተም ዛሬ የሚያስቸግራችሁን አንድ ሰው አስቡ። አለቃችሁን፣ አከራያችሁን፣ አማታችሁን። በራችሁን ዝጉና አምስት ደቂቃ እሱን ሁኑት። ድምፁን ተዉለት። የፈለገውን ፈልጉት። ቸር ይግጠመን!